ምዕራፍ 5፦ ሁለት መስኮት፣ አንድ ሰው

አጎቴ ሶቪየት ኅብረት ተምሮ ሲመለስ ይዟቸው ከመጣቸው ዕቃዎች ዛሬም ደሴ ቤታችን ያለችው አንዲት ካሜራ ናት፤ ዞርኪ 4 ትባላለች። ከበድ ትላለች፤ የለበሰችው ቆዳ ጠርዙ ላይ ተልጧል፤ ባትሪ አታውቅም፤ ባትሪ የሚገባበት ቦታም የላትም። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የዘመድ አዝማድ ፎቶ ሁሉ ማለት ይቻላል የእሷ ሥራ ነው። ልጅ ሆኜ የሚገርመኝ ግን ፊቷ ነበር። መሃል ላይ ትልቁ ሌንስ አለ። ከእሱ በላይ ደግሞ ጎን ለጎን ሁለት የመስታወት መስኮቶች ተሠርተዋል።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ዓይን ምን ይሠራላታል?» አልኩት አንድ ቀን።

«ትልቁ ይስላል፤ ትንንሾቹ ይለካሉ» አለኝና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ምን እንደሚለኩ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ይህ ምዕራፍ የዚያች አጭር መልስ ማብራሪያ ነው።

በምዕራፍ 2 ጨለማ ክፍል ውስጥ በጠባብ ቀዳዳ የሚገባ ብርሃን የውጭውን ዓለም ገልብጦ ግድግዳ ላይ እንዴት እንደሚስል አይተናል። በምዕራፍ 4 ደግሞ በቀዳዳው ቦታ ሌንስ ስናስገባ ምስሉ ደመቅ ቢልም አንድ ችግር ይዞ እንደሚመጣ ተመልክተናል። ሌንሱ ጥርት ያለ ምስል የሚሰጠው ከፊልሙ በልኩ ሲርቅ ብቻ ነው። ልኩን የሚወስነው ደግሞ የምናነሳው ሰው ከእኛ ያለው ርቀት ነው። ሰውየው 2 ሜትር ላይ ሲቆም አንድ ልክ፣ 10 ሜትር ላይ ሲቆም ሌላ ልክ ያስፈልጋል።

ያኔ ሳንመልሰው ያለፍነው ጥያቄ ይህ ነበር፦ ሰውየው ስንት ሜትር ላይ እንደቆመ ካሜራ አንሺው በምን ያውቃል? ፊልሙ ካሜራው ውስጥ በጨለማ ተዘግቶ ስለተቀመጠ ምስሉ መጥራቱን አጮልቆ ማየት አይቻልም። በየሰው ፊት ሜትር መዘርጋትም አይሆንም። ሬንጅፋይንደር ወይም ባለ ርቀት መለኪያ የሚባሉት ካሜራዎች ለዚህ የሰጡት መልስ የጂኦሜትሪ መልስ ነው። ርቀትን ከሁለት ቦታ በማየት ያውቁታል።

አንድ ዓይን የማያውቀው

እስቲ አንድ ዓይንዎን ጨፍነው ከጀበና ወደ ሲኒ ይቅዱ። ለሙከራው ውሃ ይበቃል፤ ቡናው ያሳዝናል። ሁልጊዜ ሳያስቡት የሚያደርጉት ነገር በድንገት ይከብዳል። የጀበናው አፍ ከሲኒው በላይ የደረሰ ይመስልና ውሃው ረከቦቱ ላይ ይፈስሳል። ሲኒው ወዴት አቅጣጫ እንዳለ አንዱ ዓይን በደንብ ነግሮዎታል። ምን ያህል እንደሚርቅ ግን በእርግጠኝነት ሊነግርዎ አልቻለም።

ደሴ የሚኖር ሰው ለቀጣዩ ሙከራ ከቤቱ ደጅ መራቅ አያስፈልገውም፤ ጦሳ ፊት ለፊቱ አለለት። ክንድዎን ዘርግተው አውራ ጣትዎን በጦሳ ትይዩ ያቁሙ። በቀኝ ዓይን ብቻ ይዩ፤ ከዚያ ቀኙን ጨፍነው በግራው ይዩ። ጣትዎ ሳይንቀሳቀስ ከተራራው አንድ ቦታ ወደ ሌላው ይዘልላል። አሁን ጣትዎን ወደ አፍንጫዎ አቅርበው ይድገሙት፤ ዝላዩ ይብሳል። ጦሳ ራሱ ግን የትኛውን ዓይን ቢጨፍኑ ንቅንቅ አይልም።

የዝላዩ ምክንያት ዓይኖችዎ በ6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ተራርቀው መቀመጣቸው ነው። እያንዳንዱ ዓይን ጣትዎን ከራሱ ቦታ ስለሚያየው ሁለቱ የጣቱን ቦታ እኩል አይናገሩም። ነገሩ ሲቀርብ ልዩነታቸው ይሰፋል፤ ሲርቅ ይጠብባል። አእምሯችን የልዩነቱን ስፋት አይቶ «ይሄ ቅርብ ነው፣ ያ ሩቅ ነው» ይላል። ከፒያሳ ወደ ሸዋ በር በታክሲ ስንሄድም የምናየው ይህንኑ ነው። ከመስኮቱ አጠገብ ያሉት ሱቆች ወደ ኋላ ይሮጣሉ፤ ራቅ ያሉት ቤቶች ዝግ ብለው ይከተላሉ፤ ተራራው አብሮን የሚጓዝ ይመስላል።

ቦርከናን ሳይሻገሩ

ዝላዩን ወደ ቁጥር ለመቀየር ወደ ኮምቦልቻ እንውረድ። በቦርከና ዳር ቆመን ማዶ ያለ አንድ ዛፍ ስንት ሜትር እንደሚርቅ ማወቅ ፈልገናል እንበል። ወንዙ ሞልቷል፤ መሻገር አይቻልም።

ሁለት ልጆች በወንዙ ዳር 10 ሜትር ተራርቀው ይቁሙ። የመጀመሪያው ልጅ ዛፉን ልክ በፊት ለፊቱ ያደርገዋል። ሁለተኛውም እንደ ጓደኛው ቀጥ ብሎ ቢያይ ዛፉን አያገኘውም። ዛፉን ለማየት አንገቱን ወደ ጓደኛው በኩል ትንሽ ማዞር አለበት። ምስጢሩ ያለው አንገቱን ባዞረበት መጠን ላይ ነው። 45 ዲግሪ ካዞረ ዛፉ ከመጀመሪያው ልጅ 10 ሜትር ይርቃል ማለት ነው፤ ይህም በልጆቹ መካከል ካለው ርቀት ጋር እኩል ነው። 6 ዲግሪ እንኳ ሳይሞላ ካገኘው ዛፉ 100 ሜትር ያህል ይርቃል። እግራችን ውሃ ሳይነካ ለካን።

ሁለቱ ልጆችና ዛፉ የሚሠሩት ቅርጽ ሦስት ማዕዘን ነው። የአንዱ ጎን ርዝመትና ማዕዘኖቹ ከታወቁ የቀረው በስሌት ይገኛል። መሬት የሚለኩ ባለሙያዎች በዚህ ዘዴ ሲሠሩ የኖሩት ካሜራ ከመፈልሰፉ በፊት ነው። በልጆቹ መካከል ያለውን 10 ሜትር ከእንግዲህ «መሠረት» እንበለው፤ ደጋግመን እንጠቀምበታለን።

ልጆቹ ካሜራው ውስጥ

አሁን ሁለቱን ልጆች አሳንሰን ካሜራዋ ውስጥ እናስገባቸው። የመጀመሪያው ልጅ ዓይናችንን አስጠግተን የምናይበት ትልቁ መስኮት ነው፤ ቀጥ ብሎ ያያል። ሁለተኛው ልጅ ትንሹ መስኮት ነው። ከጀርባው የሚዞር ትንሽ መስተዋት፣ በአንዳንዶቹ ካሜራዎች ደግሞ ፕሪዝም የሚባል የመስታወት ቁራጭ አለ። የልጁ አንገት እሱ ነው።

ሁለቱ ያዩትን በአንድ ዓይን የምናየውስ እንዴት ነው? መሸት ሲል ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በአውቶቡስ የተጓዘ ሰው መልሱን አይቶታል። የውስጡ መብራት ሲበራ መስኮቱ ላይ የሐረጎን ቁልቁለትና የራስዎን ፊት ተደራርበው ያያሉ። መስታወቱ ከውጭ ያለውን ብርሃን ያሳልፋል፤ ከውስጥ ያለውን ደግሞ ይመልሳል። ካሜራዋ ውስጥም ሆን ተብሎ እንዲህ የተሠራ፣ ግማሽ የሚያሳልፍና ግማሽ የሚመልስ መስታወት በሰያፍ ተተክሏል። የትልቁ መስኮት እይታ በመስታወቱ አልፎ ይመጣል፤ የትንሹ መስኮት እይታ መስታወቱ ላይ ነጥሮ ይመጣል። ሁለቱም ዓይናችን ላይ ይገናኛሉ።

ስለዚህ በዞርኪ ስናይ መሃል ላይ ቀለሙ ለየት ያለ ትንሽ ቦታ እናገኛለን። እዚያ ቦታ ላይ ሰው ሁለት ሆኖ ይታያል፤ አንዱ ደማቅ፣ ሌላው እንደ ጥላ የሳሳ። የሌንሱን ቀለበት ስናዞር ጥላው ወደ ጎን ይንሸራተታል። ሁለት አፍንጫ የነበረው ሰው አንድ አፍንጫ ብቻ ሲቀረው እጃችንን እናቆማለን። ሁለተኛው ልጅ ዛፉን አገኘው ማለት ነው።

መስተዋቱ የሚሠራበት ልክ ምን ያህል ጥቃቅን እንደሆነ ቁጥሩ ያሳያል። የዞርኪ መሠረት፣ ማለትም በሁለቱ መስኮቶች መካከል ያለው ርቀት፣ 38 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሰውየው 1 ሜትር ላይ ሲቆም በሁለቱ እይታዎች መካከል ያለው ማዕዘን 2.2 ዲግሪ ነው። 2 ሜትር ላይ 1.1 ይሆናል፤ 10 ሜትር ላይ ወደ 0.2 ይወርዳል፤ 100 ሜትር ላይ 0.02 ብቻ ይቀራል። የግድግዳ ሰዓትን ረጅም እጅ አስቡት። እጁ 2.2 ዲግሪ ለመሄድ 22 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ 0.2 ዲግሪን በ2 ሰከንድ ያልፈዋል። ከዚያ ወዲያ እንቅስቃሴው ለዓይን አይያዝም። ሌንሱ ላይ ከሜትሮቹ ቁጥር መጨረሻ የተጻፈው፣ የተኛ 8 ቁጥር የሚመስለው ምልክት ትርጉሙ «ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ ለእኔ አንድ ነው» ነው። ጦሳ የሚገኘው እዚያ ምልክት ላይ ነው።

ከለካ በኋላ ማን ይናገራል?

ርቀቱን ማወቅ የሥራው ግማሽ ነው። የተለካው ለሌንሱ መነገር አለበት። የዞርኪ መደበኛ ሌንስ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ነው። ተራራ ለማንሳት ወደ ፊልሙ እስከ መጨረሻው ተጠግቶ ይቀመጣል። 10 ሜትር ላይ ላለ ሰው ሩብ ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ፊት መውጣት ይበቃዋል፤ ለ2 ሜትር 1.3፣ ለ1 ሜትር ደግሞ 2.6 ሚሊ ሜትር ይወጣል። እንዲህ ያለውን ትንሽ ጉዞ በእጅ እየገፉ መሥራት ስለማይቻል ሌንሱ በጥርስ ላይ ይሽከረከራል። የማር ጠርሙስ ክዳን ስንከፍት ብዙ አዙረን ክዳኑ ጥቂት ከፍ እንደሚለው ማለት ነው።

ላይካ የተባለችው የጀርመን ካሜራ እ.ኤ.አ. በ1925 ገበያ ላይ ስትወጣ ልኬቱና ሌንሱ አይተዋወቁም ነበር። ኦስካር ባርናክ የሠራት ይህች ትንሽ ካሜራ ለሲኒማ የሚውለውን ባለ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ስለምትጠቀም ኪስ ትገባለች። ርቀት የሚለካው ግን አናቷ ላይ በሚሰካ ሌላ መሣሪያ ነበር። አንሺው ይለካል፣ ቁጥሩን ያነባል፣ ከዚያ ሌንሱን በእጁ እዚያ ቁጥር ላይ ያዞራል። አንዱ መዝኖ ሌላው የሚጽፍበት ሱቅ ይመስላል፤ በመሃል ቁጥር ይሳሳታል፤ ደንበኛውም ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. በ1932 ላይካ 2 እና ተፎካካሪዋ ኮንታክስ መዛኙንና ጸሐፊውን አንድ አደረጓቸው። ዞርኪም የላይካን መንገድ ተከትላለች። ሌንሷን ፈትተው አፏ ውስጥ ቢመለከቱ ከላይ ወደ ታች የወረደች ትንሽ የብረት ጣት ያያሉ። ጣቷ የሌንሱን የኋላ ጠርዝ ተደግፋ ትቆማለች። ሌንሱ ወደ ፊት ሲሄድ ተከትላ ትሄዳለች፤ ወደ ኋላ ሲመለስ ተገፍታ ትመለሳለች። የጣቷ ሌላው ጫፍ ትንሹ መስኮት ጀርባ ካለው መስተዋት ጋር ተያይዟል። አንሺው የሚያዞረው አንድ ቀለበት ሌንሱንም መስተዋቱንም አብሮ ያንቀሳቅሳል። ሁለቱ አፍንጫዎች አንድ ሲሆኑ ሌንሱም ልኩ ላይ ደርሷል።

መሠረቱ ሲሰፋ

ወደ ቦርከና ልጆች እንመለስ። በመካከላቸው ያለው ርቀት 10 ሜትር መሆኑ ቀርቶ አንድ ክንድ ብቻ ቢሆን ሁለተኛው ልጅ አንገቱን የሚያዞረው እጅግ በጥቂቱ ነው፤ ትንሽ ሲሳሳትም ዛፉ ብዙ ሜትር ይሸሻል። መሠረት ሲሰፋ ልኬት ይታመናል።

በሶቪየት ካሜራዎች መካከል ይህን በዓይን ማነጻጸር ይቻላል። የላይካን ፈለግ የተከተሉት የመጀመሪያዋ የካርኪቭ ፌድ እና የክራስኖጎርስኳ ዞርኪ መሠረታቸው 38 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የኮንታክስን ፈለግ የተከተለችው ኪየቭ 90 ሚሊ ሜትር አላት፤ ከእጥፍ በላይ። ለዚህ ትከፍላለች፤ ትንሹ መስኮት ወደ ጠርዝ ስለወጣ ያልለመደ አንሺ በቀኝ እጁ ጣት ሸፍኖት ጥላውን አጣሁ ብሎ ይጨነቃል።

ዘዴው ወደ ካሜራ የመጣው ከጦር ሜዳ ነው። ባርና ስትራውድ የተባሉ ሁለት መምህራን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለእንግሊዝ የጦር መርከቦች በዚሁ ዘዴ የሚሠራ ርቀት መለኪያ ሠርተዋል። የመርከብ መድፍ ዒላማው በብዙ ኪሎ ሜትር ስለሚርቅ መሠረቱም አብሮ አደገ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያማቶ የተባለችው የጃፓን መርከብ የተሸከመችው መለኪያ መሠረቱ 15 ሜትር ነበር። የአጎቴ ካሜራና የያማቶ መለኪያ የሚሠሩት ሦስት ማዕዘን አንድ ዓይነት ነው። የሚለያዩት ፎቶ አንሺ የሰውን ዓይን፣ መድፈኛ የመርከብን ጎን በመፈለጋቸው ነው።

ደሴ፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም.

ባለ መለኪያዋ ትንሽ ካሜራ ለምን እንደተወደደች ለማየት ወደ አንድ የደሴ ቀን እንሂድ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከተማው ውስጥ ነበሩ፤ የቀይ መስቀል ምልክት የያዘው የአሜሪካኖች ሆስፒታልም ተመታ። ጦርነቱን ሊዘግቡ የመጡ የውጭ ጋዜጠኞችም ስለነበሩ ወሬው ወዲያው ከአገር ወጣ። በላይካና በኮንታክስ መለኪያውና ሌንሱ ከተጣመሩ ገና ሦስት ዓመታቸው ነበር።

ቦምብ በሚወርድበት ቦታ የሚሠራን ሰው አስቡት። በሦስት እግር የሚቆም፣ ከጀርባው ጥቁር ጨርቅ የሚሸፈን ትልቅ ካሜራ እስኪተከል የሚጠብቅ ነገር የለም። አንገት ላይ የምትንጠለጠል፣ ዓይን ላይ ደርሳ ጥላውን ከአካሉ ገጥማ ጠቅ የምትል ካሜራ ግን ትደርሳለች። በላይካ ስሙን የተከለው አልፍሬድ አይዘንስታት በዚያው እ.ኤ.አ. በ1935 ኢትዮጵያ መጥቶ ነበር። ከሥራዎቹ በሰፊው የሚታወቀው የአንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር ባዶ እግር ነው፤ ውስጥ እግሩ እንደ በጋ መሬት ተሰንጥቋል። አንሺው ከአንድ ነገር ይህን ያህል ሲጠጋ በግምት መሥራት አይችልም። ከላይ እንዳየነው ከ2 ሜትር ወደ 1 ሜትር ሲጠጉ ሌንሱ የሚጓዘው መንገድ ከተራራ ወደ 2 ሜትር ከተጓዘው እኩል ነው። ስለዚህ በቅርብ ርቀት ላይ ትንሽ ስህተት ፎቶውን ያደበዝዘዋል።

መስኮቶቹ የማያዩት

እስካሁን ያመሰገንነውን አሁን እንታዘበው። መስኮቶቹ ሌንሱ አይደሉም። ሌንሱ ምን እንደሚያይ አያውቁም፤ ያለበትን ቦታ ብቻ ያውቃሉ።

ይህን የተማርኩት ኮምቦልቻ በአንድ የአጎቴ ልጅ ሰርግ ላይ ነው። ካሜራዋን ለመጀመሪያ ጊዜ አምኖ ሰጠኝ። ሙሽሮቹን፣ ሚዜዎቹን፣ ዘፋኞቹን፣ ድንኳኑን እየለካሁ አንድ ፊልም፣ 36 ፎቶ ጨረስኩ። በመስኮቱ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ጥላና አካል በየጊዜው ይገጥማል። ፊልሙ ታጥቦ ሲወጣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ባዶ ነበር። የሌንሱን ክዳን አላነሳሁም። በሌንሱ ውስጥ የሚታይበት ካሜራ ቢሆን ጨለማው ወዲያው ያስነቃኝ ነበር። ዞርኪ ግን ሌላ መስኮት አላትና ዝም አለችኝ። አጎቴ ኔጌቲቩን ብርሃን ላይ ዘርግቶ አየና «ለክተሃል፤ አልሳልክም» አለኝ።

ሌሎቹ ጉድለቶችም ከዚሁ ምንጭ ይወጣሉ። የምናነጣጥርበት ትልቁ መስኮት ከሌንሱ በላይና ወደ ጎን ስለተቀመጠ በጣም ሲጠጉ መስኮቱ ውስጥ ሙሉ የነበረው ፀጉር ፎቶው ላይ ተቆርጦ ይወጣል። በጣም ቅርብ ያለ አበባና በጣም ሩቅ ያለ ወፍም ለእሷ አይመቿትም። እ.ኤ.አ. በ1959 ኒኮን ኤፍ የተባለችውና መሰሎቿ በመስተዋት አማካይነት በራሱ በሌንሱ ውስጥ ማየትን ሲያስለምዱ ብዙ ባለሙያ ወደዚያ የሄደው ለዚህ ነው። ባለ መስኮቷ ግን የሚገለበጥ መስተዋት ስለሌላት ድምጿ ዝቅ ያለ ነው፤ በምታነሳበት ቅጽበትም ሰውየውን ከዓይናችን አትሰውርም።

ጥላው ወደ ጎን ብቻ ስለሚንሸራተት ሌላ ባሕርይም አላት፤ የምትለካው ቀጥ ብሎ የቆመ መስመር ስታገኝ ነው። አግድም በተዘረጋ የልብስ ገመድ ላይ ብትሞክሩ ጥላው በራሱ በገመዱ ላይ ስለሚሄድ መግጠሙን መለየት አይቻልም። የበር መቃን፣ የቀሚስ ጥለት፣ የአፍንጫ ዳር ግን ይመቻታል። የደሴ የክረምት ጉም ሲወርድም ጥላውና አካሉ ይቀላቀላሉ፤ ያኔ ከመስኮቱ ይልቅ እርምጃ መቁጠር ይሻላል።

የቤት ፈተና

ከሃምሳና ከስልሳ ዓመት በላይ የቆየች ካሜራ እጅዎ ከገባች ከመታመኗ በፊት ይፈትኗት። ሌንሱን የመጨረሻው ምልክት ላይ አዙረው እጅግ የራቀ ቀጥ ያለ ነገር ያነጣጥሩ። የጦሳ ሸንተረር አግድም ስለሆነ አይረዳዎትም፤ ከሩቅ የሚታይ የመስጊድ ሚናራ ወይም የመብራት ምሰሶ ይሻላል። አንድ ሚናራ ካዩ መልካም ነው። ሁለት ካዩ መስተዋቱ ከቦታው ሸሽቷል፤ በትንሽ ካቻቪቴ ማስተካከያ ብሎኗን ጥቂት ማዞር ይበቃል። ቀጥሎ ግድግዳ ላይ ምልክት አድርገው በሜትር 2 ሜትር ለክተው ይቁሙ። ጥላው ሲገጥም ሌንሱ ላይ የሚነበበው ቁጥር 2 ከሆነ ሦስት ማዕዘኑ ጤነኛ ነው።

ይህን ሁሉ ፈትሼ ዞርኪን ካስተካከልኩ በኋላ ያነሳኋቸው ፎቶዎች ጥርት ብለው ወጡ። ሁሉም ላይ ግን አንድ ቦታ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ነበረባቸው። ከኮምቦልቻው ሰርግ ማግስት ክዳኑን አውጥቼ፣ ከእንግዲህ አልዘጋውም ብዬ፣ ሌንሷን ወደ ፀሐይ አዙሬ መስኮት ላይ አውያት ነበር። ከፊልሙ ፊት የተጋረደችው የጨርቅ መጋረጃ ማጉያ መነጽር ሥር እንደተቀመጠ ወረቀት ተበስታለች። ያቺ መጋረጃ ሻተር ትባላለች። የምትለካው ርቀት ሳይሆን ጊዜ ነው፤ ከአንድ ሰከንድ እስከ አንድ ሺህኛ ሰከንድ። የሚቀጥለው ምዕራፍ ስለ እሷ ነው።